ጦጢት ካመለጠች በኋላ

በኮልፌ ቀራንዮ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ነገሬን በአቤቱታ ልጀምር። በተረቶቻችን ውስጥ ትንንሾቹ እንስሳት ያመልጣሉ እንጂ አይሄዱም። እሜቴ ጦጢት ከአያ ጅቦ መንጋጋ ታመልጣለች። ቀበሮ ታምሜያለሁ ብሎ ወደ ተኛው አንበሳ ዋሻ የገባ ዱካ እንጂ የወጣ ዱካ እንደሌለ አይታ ከደጃፉ ትመለሳለች። ብልሆች ናቸው፤ አያከራክርም። ነገር ግን ከእነሱ መካከል አንድ ማለዳ ከጎሬው ወጥቶ ከተራራው ማዶ ያለውን ለማየት የተነሣ፣ መንገድ ላይ የፈራ፣ እየፈራም የቀጠለ ስንቱን ታውቃላችሁ? እኔ ስፈልግ ብዙ አላገኘሁም። ይህ ከየት እንደመጣ፣ ኮልፌ ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ስለ ምን ሊያስብበት እንደሚገባ ነው የዛሬው ወሬዬ።

አስቀድሜ ግን ለጦጢት የሚገባትን ልስጣት። አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን ተረት ላስታውሳችሁ። አያ አንበሶ እንስሳቱን ሰብስቦ «አፌ ይሸታል ወይስ አይሸትም?» ብሎ ጠየቀ። አህያ የዋህ ናትና «አዎን ጌታዬ፣ ይሸታል» አለች፤ ደፈረችኝ ተብላ ተሰበረች። ጅብ ይህን አይቶ «ኧረ ጌታዬ፣ ሽቱ ሽቱ ነው የሚለው» አለ፤ ውሸታም ተብሎ ተበላ። ተራው የጦጢት ሲሆን አፍንጫዋን ጠራረገችና «ጌታዬ፣ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኝ ምንም አይሸተኝም» አለች። ልጆች እዚህ ላይ ይስቃሉ። እኛም ስቀናል። ሳቁ ሲያልፍ ግን ነገሩን እንየው። ሁለት ሬሳ ፊቷ ተዘርግቷል፤ እውነትም ሐሰትም እንደሚያስገድል አይታለች፤ ያላት ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። በዚያች ትንፋሽ ሦስተኛ መልስ ማግኘት ፈሪ የሚችለው ሥራ አይደለም። የተረታችን ጀግንነት በክንድ ሳይሆን በምላስ ላይ ያረፈ ነው።

ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። ተረት ለልጅ ብቻ የሚነገር ነገር ሆኖ አያውቅም። በጌታ አዳራሽ፣ በጭሰኛ ጎጆ፣ በለቅሶ ቤት ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩት ኖረዋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ባለሥልጣንን በስሙ መውቀስ አንገት ያስቆርጣል፤ አንበሳን መውቀስ ግን ማንንም አያስቆጣም። ቢያስቆጣ እንኳ የተቆጣው ሰው «አንበሳው እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን ማጋለጡ ነው። ስለዚህ ትንሹ እንስሳ የትንሹ ሰው ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ሥራውም ለጀብዱ መውጣት ሳይሆን ችሎት ፊት ቀርቦ በሕይወት መመለስ ሆነ።

ሁልጊዜም አይመለስም። ሃሮልድ ኩርላንደርና የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ የነብሩና የፍየሎቹ ተረት አለ። የነብር ግልገል ዝሆኖች ወደሚግጡበት ሜዳ ሄደ፤ አንዱ ዝሆን ሳያየው ረገጠውና ሞተ። መርዶ ነጋሪዎቹ ለአባትየው «ልጅህን ዝሆን ገደለው» አሉት። ነብር አሰበ፣ አሰበና «አይደለም፣ ዝሆን አይደለም፤ ፍየሎች ናቸው የገደሉት!» ብሎ ተነሣ፤ ኮረብታው ላይ ሲግጡ ያገኛቸውን ፍየሎች ፈጃቸው። በቃ፣ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። የሚደርስላቸው የለም፤ ብልጥ ፍየልም አልተነሣም። አንዳንድ ወላጆች ይህ ተረት ለልጅ ይከብዳል ይላሉ። እኔ አልስማማም። በትልቅ ወንድሙ የተመታ ልጅ ዞሮ ታናሹን ሲመታ ያየ ሰው፣ ይህን ተረት ልጆች ቀድመው በገላቸው እንደሚያውቁት ይገነዘባል። በአንድ ገጽ ላይ ስለ ግፍ ይህን ያህል የተናገረ ጽሑፍ በየትም አገር ማግኘት ያስቸግራል።

የሚከነክነኝ ሌላው ነው፤ የአይጦቹ ጉባኤ። ከኤዞፕ ይምጣ ከሌላ፣ ዛሬ የእኛው ሆኗል። አይጦች ተሰብስበው ድመቲቱ አንገት ላይ ቃጭል ይታሰር ብለው ወሰኑ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ አንድ ሽማግሌ አይጥ ተነሥቶ «ማን ያስርላት?» ሲል ጸጥ አሉ። እዚያ ላይ ተረቱ ይቆማል። እኛም ስቀን እናቆማለን፤ በስብሰባም በመሥሪያ ቤትም «ቃጭሉን ማን ያስር?» እያልን ላለመነሣታችን ማስረጃ አድርገነዋል። እንደ እኔ እንደ እኔ ትክክለኛው ታሪክ መጀመር የነበረበት ሽማግሌው ተናግሮ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከኋላ ረድፍ አንዲት ደቃቃ አይጥ እጇን ብታወጣስ? ቃጭሉን ከየት ታመጣለች? ሳይጮህባት እንዴት ትሸከመዋለች? ድመቲቱ የምትተኛው በስንት ሰዓት ነው? ልጆችን እስኪ ጠይቋቸው፤ እንቅልፋቸውን ትተው ይመልሱላችኋል።

የጽናትን ጀግንነት ተረታችን አያውቀውም ማለቴ ግን አይደለም። ያውቀዋል፤ ለሰው ሰጠው እንጂ። የዚያው የ1950ው መድበል መጠሪያ የሆነው ተረት የተፈጸመው ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ተራራ ላይ ነው። አርሃ የሚባል አሽከር ራቁቱን፣ ያለ እሳት፣ ያለ ምግብ ተራራው ጫፍ ላይ ሌሊቱን ቆሞ ሊያድር ከጌታው ጋር ይወራረዳል። ከሸለቆው ማዶ አንድ ሽማግሌ እሳት ያነድለታል፤ አርሃም ያንን የሩቅ እሳት እያየ፣ ሙቀቱን በልቡ እያሰበ ይነጋለታል። ጌታው ግን «እሳት ማየትም መሞቅ ነው» ብሎ ውርርዱን ይክደዋል። የኋላ ኋላ አንድ ብልህ ሰው ድግስ ደግሶ፣ እንግዶቹን ወጥ እያሸተተ ሳያበላ አስቀምጦ፣ ማየት መሞቅ ከሆነ ማሽተትም መብላት ነው ብሎ ያስፈርድለታል።

ይህን ተረት እወደዋለሁ። ሁለቱ ጀግንነቶች አንድ ላይ ያሉበት ነውና። ብርዱን ያሸነፈው ጽናት ነው፤ ጌታውን ያሸነፈው ብልሃት ነው። ቦታ ቢለዋወጡ አይሠሩም። ብርድን በቀልድ ማታለል አይቻልም፤ ብልሃት የሚሠራው ጆሮ ባለው ጠላት ላይ ብቻ ነው። ጅብ ጆሮ አለው፤ ይሞኛል። ጎርፍ፣ ናዳ፣ ረሃብ ጆሮ የላቸውም።

እዚህ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ረጲ ላይ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ሲናድ ከመቶ በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያን ዘመን ልጅ ሆኖ ያለፈ ሰው ዛሬ ወጣት ነው፤ ምናልባትም አሁን ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ለእንዲህ ያለ ልጅ «ብልጥ ሁን፣ ታመልጣለህ» የሚል ተረት ብቻውን ግማሽ ስንቅ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በእጁ ሲቆፍር ያደረበትን ሌሊት የሚመስል ታሪክም ያስፈልገዋል፤ ትንሽ ሆኖ፣ እየፈራ፣ ለሌላው ሲል ወደ አደጋው የሚሄድ ፍጡር ያለበት።

ሌሎች አገሮች ይህን ታሪክ በጫካ እንስሳት ሲጽፉት ኖረዋል። ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ፤ ሁለቱም እንደ እኛ ተረት ከአፍ የተወለዱ ናቸውና። እንግሊዛዊው ሪቻርድ አዳምስ በመኪና ረጅም መንገድ ሲሄድ ለሁለት ሴቶች ልጆቹ ስለ ጥንቸሎች ይተርክላቸው ነበር፤ ልጆቹ ጻፈው ብለው ወጥረው ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1972 «ዋተርሺፕ ዳውን» ተብሎ ታተመ። ታሪኩ የሚነሣው ከምን እንደሆነ ስሙ፤ ጥንቸሎቹ የሚኖሩበት መስክ ለቤት ግንባታ ሊቆፈር ነው። ከሁሉም የሚያንሰው፣ ቀጫጫውና ፈሪው ጥንቸል ጥፋቱ ሲመጣ ይታወቀዋል፤ አለቃቸው አልሰማ ሲል ጥቂቶቹ ተነሥተው ይሄዳሉ። ከተማችን በአየር ጤና፣ በዓለም ባንክ ሰፈር በኩል ወደ ምዕራብ ሲሰፋ ትናንት እርሻ የነበረውን ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሲውጠው ላየ የኮልፌ ልጅ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይሆንበትም።

ሁለተኛው ብራያን ጄክስ ነው። የሊቨርፑል ሰው፤ ብዙ ሥራ ሲቀያይር የኖረ፣ በአንድ ወቅትም ወተት እያዞረ የሚያድል ነበር። ወተት ከሚያደርስባቸው ቤቶች አንዱ የዓይነ ስውራን ሕፃናት ትምህርት ቤት ነበር። እየገባ ያነብላቸው ጀመር፤ ያገኛቸው መጻሕፍት ስላላረኩት የራሱን ጻፈላቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው «ሬድዎል» የተወለደው እንዲህ ነው። ጀግናው ማታያስ የሚባል፣ በገዳም የሚያገለግል፣ ጫማው ሰፍቶት የሚደናቀፍ ለጋ አይጥ ነው። ጄክስ የጻፈው ማየት ለማይችሉ ልጆች ስለሆነ መጽሐፉ በመዓዛ፣ በድምፅ፣ በምግብ ጣዕም የተሞላ ነው፤ ድግሱ ሲነገር አንባቢው ይርበዋል። ለሚተርክ ሰው ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ተረት የምትነግሩት ልጅ ለጊዜው ያው ነው፤ የሚያየው በጆሮውና በአፍንጫው ነው።

ታዲያ እኛም ሰይፍ የታጠቁ አይጦች እንጻፍ? አይደለም። ሰይፉ የእነሱ ነው፤ ገዳሙም ጫካውም የእነሱ ነው። የእኛ ጫካ እዚያ ነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ ወጨጫ ተራራ ይታያችኋል፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በጎኑ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በአየር ጤና ወጥቶ በሰበታ በኩል መድረስ ይቻላል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወይራው፣ ከላይ ጉሬዛው፣ ከሥር የምኒልክ ድኩላ፤ ለአንድ የልጆች መጽሐፍ ከበቂ በላይ ነው። አዲስ አበባን የከበባት ባሕር ዛፍ ግን እንደ ደን ቢመስልም ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። በምኒልክ ዘመን ማገዶ ሲጠፋ የገባ ባለውለታችን መሆኑን አልክድም፤ አጣና ተራም የቆመው በእሱ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ሣርም ቁጥቋጦም ብዙ አይበቅልም፤ መደበቂያ የሌለበት ቦታ ደግሞ ትናንሽ እንስሳት አይበዙም፤ ታሪክም አይበዛም።

ለጀግናነት ማንን እንምረጥ ብትሉኝ ሽኮኮን እላለሁ። ጥንቸል የምታህል፣ ጅራት የሌላት፣ ገደል ለገደል የምትኖር ናት። ሳይንስ ሲመረምራት በሕይወት ካሉት የቅርብ ዘመዶቿ አንዱ ዝሆን ሆኖ ተገኝቷል። ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን እዩት! ሽኮኮዎች በመንጋ ሲግጡ አንዱ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ጥቁር ንስር ሲያይ ይጮኻል፤ ሁሉም ወደ ስንጥቁ ይገባሉ። እንግዲህ አስቡት፣ ዘብ የሚቆመው ማንም በማይጋርደው ቦታ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ንስሩ የሚያየው እሱን ነው። እኔ የምጽፈው ቢሆን ወጨጫ ላይ፣ ከአለቱ አጠገብ ያለው ቅጠል ያለቀበት በጋ አደርገው ነበር። ማዶ ሌላ አለት አለ፤ በመካከሉ ባዶ ሜዳ። ለእኛ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እግሯ አጭር ለሆነ፣ ሩጫ ቶሎ ለሚያደክማት ለሽኮኮ ግን ሙሉ ጀብዱ ነው። አንዷ ሄዳ አይታ መመለስ አለባት። ሰይፍ አያስፈልጋትም፤ አነጋገርም አያድናትም፤ ንስር አይሞኝም። የሚያስፈልጋት የደመና ጥላ መቼ እንደሚያልፍ ማወቅ፣ መካከል ላይ ያለችውን አንዲት ቁጥቋጦ ማስታወስ፣ ከኋላዋ ደግሞ እስክትመለስ ድረስ ከድንጋዩ የማይወርድ ዘብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እንስሳው እንስሳ ሆኖ ይቅር። ጃርት ስትፈራ ጀርባዋን ሰጥታ እሾኋን ታንኮሻኩሻለች፤ ወደ ኋላዋም ትወረወራለች። ይህን ትቶ ጃርትን በሁለት እግሯ አቁሞ ስለ ንጽሕና የሚያስተምር መጽሐፍ ልጅን አያታልልም። ልጅ አንድ ጊዜ ገልጦ ይዘጋዋል።

እንስሳን በመጽሐፍ ማናገር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። «ፊሳልጎስ» ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው፤ በውስጡ ጉንዳን እህሏ እንዳይበቅልባት ለሁለት ስትከፍለው እናነባለን። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጻፋቸው ከብዙ ዓመት በፊት፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መባቻ ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል፤ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አያት ያጣው አንድ ትውልድ ብቻ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መምህርቷ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ይዘው መጡ፤ ጀግናዋ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ጠያቂ ናት፤ ከቤት ትወጣለች። ለእኔ በቅርቡ ዘመን «መሄድ» የጀመረችው እሷ ናት። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ሥራቸውን ትተው መጥተው ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት አቋቁመዋል። በተረት ሁልጊዜ የምትበላው አህያ መጽሐፍ ስታደርስ ማየት በራሱ ተረቱን የማረም ያህል ነው።

የኮልፌ ሰው የማይረሳውም አንድ እንግዳ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። ያ ሰው 27 ዓመት ታስሮ፣ አገር መርቶ፣ ካረጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በስሙ ያስወጣው አንድ መጽሐፍ የአፍሪካ ልጆች ተረቶች መድበል ነው፤ ጥንቸልም ጅብም አንበሳም አሉበት። ጠመንጃ ይዞ መተኮስ የተማረ ሰው ለልጆች የሚተወውን ሲመርጥ ጥንቸልን መምረጡ ደስ ይለኛል።

ለመምህራን የማቀርበው አንድ ልመና አለ፤ ቅር አትሰኙብኝ። ተረት አልቆ ልጁ ገና ሜዳው መካከል ከሽኮኮዋ ጋር ሳለ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» አትበሉት። ጥያቄው መልሱን ቀድሞ ያውቃል፤ ልጁም መምህሩ የሚወደውን መልስ ያውቃል። ሁለቱም ያንን ይባባሉና ታሪኩ ይሞታል። ይልቅስ «እናንተ ብትሆኑ በየት በኩል ትሄዱ ነበር?» በሏቸው። ይከራከሩ። አንዱ በቁጥቋጦው በኩል ይላል፤ አንዷ ማታ ትሄዳለች ትላለች፤ ሌላው ጭራሽ አልሄድም ይላል። አልሄድም ያለውን አታሳፍሩት። ለምን እንዳለ ስሙት፤ ከሁሉ የተሻለ ታሪክ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን መድረኩን ልልቀቅ። እኔ የማውቀው በአማርኛ የሰማሁትንና በመጻሕፍት ያገኘሁትን ነው። ኮልፌ ግን የኦሮሞ፣ የጉራጌ፣ የስልጤ፣ የጋሞ፣ የሌላውም ቤት ናት፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በስንት ቋንቋ ተረት እንደሚነገር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ትንሹ እንስሳ ማንም ሳያሳድደው፣ ማንም ሳይጠራው፣ በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ የሄደበት ተረት ከእናት ከአባታችሁ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ንግግሬን ሁሉ ቢያፈርስብኝም እሰየው። እማማ፣ እርስዎ ከኋላ እጅዎን አውጥተዋል። በጉራጌኛ ቢሆንም ይንገሩን፤ የሚተረጉም አይጠፋም።